ለወርቅ አገር ሽማግሌዎች፦ ሳንናገር አንሙት

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቱ አይደለም። የምጽፈው በወርቅ አገር ጎልምሳችሁ ላረጃችሁት ነው። በአዶላና በሻኪሶ፣ በአሶሳና በመተከል፣ በጋምቤላና በአስገደ ወንዝ ዳር ገበታ ይዛችሁ ለዋላችሁ፣ ልጆቻችሁ ሲቆፍሩ ስንቅ ላቀበላችሁ፣ ማሳችሁን ለቆፋሪ ለሰጣችሁ፣ በዕድርና በጉባኤ ፊት ቃላችሁ ለሚሰማላችሁ አባቶችና እናቶች ነው። የምላችሁም አንድ ነገር ነው። በየሰፈራችን ዳር ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ ታጥቦና ተቃጥሎ የተተወው የወርቅ ቦታ መርዝ ይዞ ተቀምጧል። መርዙ የት እንደተደፋ የሚያሳይ ካርታ በየትኛውም ቢሮ የለም። የምናውቀው እኛ ነን። ሳንናገር ከሞትን ዕውቀቱ አብሮን ይቀበራል፤ መርዙ ግን ከላይ ይቀራል።

ይህን እንድናገር ያስገደደኝ አሁን በዓይኔ የማየው ነው። የወርቅ ዋጋ ሲወደድ የተረሳው ጉድጓድ ሁሉ ይታወሳል። አንዱ ዲቴክተር ይዞ የድሮውን ቁልል ያስሳል። ሌላው ዝቃጩን በጆንያ ሞልቶ፣ ወርቅ ቀርቶበት እንደሆነ ይመርመርልኝ ብሎ ወደ ከተማ ይጭናል። ሌላው አሸዋውን ለግንባታ ይሸጣል። ቦታው ሜዳ ሆኖ ሣር ስለበቀለበት ከብት የሚያሰማራበት፣ ጎጆ የሚቀልስበት፣ ጎመን የሚተክልበትም አለ። ሁሉም አይቶ ደህና መስሎታል። የዚህ መርዝ ክፋቱ ግን በዓይን አለመታየቱ፣ በአፍንጫ አለመሽተቱ፣ በምላስ አለመታወቁ ነው።

ምን እንደተደረገ እናስታውስ። ቀድሞ ሥራው ገበታ፣ ውሃና ትዕግሥት ነበር። የደለል ወርቅ ከድንጋዩ የተለየ ስለሆነ ሲታጠብ በክብደቱ ከሥር ይቀራል። ደለሉ እየሳሳ ሲሄድ ሰው ወደ ድንጋዩ ዞረ። ድንጋይ መፈጨት አለበት፤ በተፈጨው ውስጥ ያለው ወርቅ ደግሞ ከዱቄት የደቀቀ ስለሆነ በገበታ አይያዝም። ያኔ ነው ሜርኩሪ፣ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ በትንንሽ ጠርሙስ እየሆነ በየቦታው የገባው። ከኋላውም ሲያናይድ ተከተለ።

ሜርኩሪ ሲሠራበት ያየ ሰው አይረሳውም። የተፈጨው ድንጋይ በሳፋ ውስጥ ከውሃ ጋር ይለወሳል። ጥቂት ሜርኩሪ ጠብ ይደረግበትና በባዶ እጅ ይታሻል። ሜርኩሪው ወርቁን እየለቀመ ይይዛል። ከዚያ በጨርቅ ይጨመቃል፤ ትርፉ ሜርኩሪ በጨርቁ በኩል ይወርዳል፤ ውስጥ የሚቀረው ነጣ ያለ ለስላሳ ድብልብል ነው። ድብልብሉ በማንኪያ ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ ተደርጎ ከሰል ላይ ይጣዳል። ሜርኩሪ 357 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ስለሚፈላ ከሰሉ ሲግም በንኖ ይወጣል፤ ቢጫው ወርቅ ይቀራል። የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በቀረው ላይ ነው። የበነነውን የሚከታተለው የለም። የበነነው ግን በጣሪያው ቆርቆሮ ሥር፣ በግድግዳው ጭቃ፣ በወለሉ አፈር፣ በጓሮው ቅጠል ላይ ቀዝቅዞ ተመልሶ ወርዷል። ይህ የሚደረገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጥ በሚሠራበት ምድጃ፣ ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ነው። ወርቅ ገዢውም ሜርኩሪ የቀረበት ወርቅ ሚዛን ስለሚያሳስተው በከተማ ሱቁ ጓዳ ደግሞ ያቃጥለዋል።

ሲያናይድ ወዲያው ገዳይ ነው፤ ከኩሬው የጠጣ ከብት እዚያው ይወድቃል። ሆኖም ፀሐይና አየር ሲያገኝ እየፈረሰ ይሄዳል። ሜርኩሪ፣ እርሳስና አርሰኒክ ግን እንደዚያ አይደሉም። አይበሰብሱም፣ ዓመት ቢቆጠርም አይደክሙም። ዝናብ ከቦታ ቦታ ያዛውራቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። እርሳስንና አርሰኒክን ደግሞ ማንም ከውጭ አላመጣቸውም። ወርቁ ባለበት ድንጋይ ውስጥ ተቆልፈው የኖሩ ናቸው፤ ድንጋዩ ሲፈጭ ቁልፉ ተከፈተላቸው። ድኝ ያለበት ድንጋይ ተፈጭቶ ለአየርና ለዝናብ ሲጋለጥም አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ ሌላውን ማዕድን እያሟሟ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወስዳል። ከአንዳንድ ቁልል ሥር በክረምት ቀይ ቡናማ ውሃ ሲመነጭ አይታችኋል። ያ ውሃ ለከብት አይሆንም፤ ለሰውማ ጭራሽ።

ማስረጃ ለሚፈልግ የሌላ አገር ሰው በልጁ ከፍሎ ያስተማረን አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ፣ ዛምፋራ በምትባል ግዛት፣ ገበሬዎች ወርቅ ያዘለ ድንጋይ ወደየመንደራቸው አመጡ። በየግቢው ወቀጡት፣ እህል በሚፈጭበት ወፍጮ አስፈጩት። ድንጋዩ እርሳስ የበዛበት ነበር። አቧራው በግቢው ወረደ። ልጆች መሬት ላይ ተጫወቱ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው አደረሱ። ትኩሳት ያዛቸው፣ አንዘፈዘፋቸው፤ ለወላጅ ወባ መሰለው። ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን መድኃኒቱን ይዞ ሳለ፣ አፈሩ ካልተነሣ ሕክምናው ከንቱ ነው አለ፤ የታከመ ልጅ ወደዚያው ግቢ ሲመለስ ዳግም ይመረዛልና። ስለዚህ በየመንደሩ መጀመሪያ የግቢው የላይኛው አፈር ተዝቆ ወጣ፤ በቦታው ንጹህ አፈር ገባ፤ ሕክምናው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ባጌጋ የምትባለው ትልቅ መንደር ተራዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። መድኃኒት አፈርን ሲጠብቅ አስቡት። የታመመ ልጅ ታቅፋችሁ፣ መጀመሪያ ግቢያችሁ ይዛቅ ስትባሉ አስቡት።

የዛምቢያዋ ካብዌም አለችላችሁ። እዚያ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ለዘጠና ዓመት ያህል ሲወጣ ኖሮ በ1994 ተዘጋ፤ ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላ በተወለዱ ልጆች ደም ውስጥ ግን ዛሬም እርሳስ ይገኛል። እነዚያ ልጆች አንድ ቀን እንኳ ማዕድን አልቆፈሩም። የመረዛቸው የተተወው አፈር ነው። በዚያም ላይ ሥራ ያጣ ሰው ቁልሉን እየቆፈረ መሸጡን ቀጥሏል፤ አቧራውም እንደገና ይነሣል። እኛ ዘንድ አሁን የተጀመረው ይህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው፣ ነዋሪው በልጆቹና በከብቱ ላይ ደረሰ ስላለው ጉዳት አደባባይ ወጥቶ ከጮኸ በኋላ ነው። ያ ትልቅ ማዕድን ነው፤ በፈቃድ የተሠራበት ነው፣ ስም አለው፣ የሚጠየቅ አለው። በየጓሮው ዳር ያለው የኛ ጉድጓድ ግን የሚጠየቅለት የለም። ቆፋሪው ወደ ሌላ የወርቅ ቦታ ሄዷል። ወፍጮው ተነቅሎ ተሸጧል። ወርቅ ገዢው ሱቁን ዘግቷል። የቀረው አፈሩና እኛ ነን።

እኛም ራሳችን ከዚህ ውጭ አይደለንም። ሜርኩሪ ሲቃጠል ጭሱን ለዓመታት የተነፈሰ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይረሳል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። በዕድሜያችን ይህ ሲመጣ እርጅና ነው ብለን እንቀመጣለን። እርጅናም ሊሆን ይችላል። ግን ወርቅ ሲቃጠል አጠገቡ የነበረ ሽማግሌ ለሐኪሙ ይህን ሳይናገር አይውጣ። የተነፈሱት ሜርኩሪ በሽንት ምርመራ፣ እርሳስ በደም ምርመራ ይታወቃል። ሐኪም ካልነገሩት አይጠይቅም። በማሕፀን ያለ ልጅ ደግሞ ከሁላችን ይበልጥ ይጎዳል፤ ስለዚህ ምራቶቻችሁንና ሴት ልጆቻችሁን ከዚያ አፈር አርቁ።

ስለ ጉድጓዱም ልናገር። ለናሙና ብሎ፣ ለፎቶ ብሎ፣ የወደቀች ፍየል ላውጣ ብሎ፣ ማንም ወደተተወ ጉድጓድ አይግባ። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። በቆየ ጉድጓድ ውስጥ የሚበሰብሰው እንጨትና የሚዝገው ድንጋይ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታች ይተኛል። ኦክስጅኑ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሰው ሳይጮህ ይወድቃል። ሻማ ይዤ እገባለሁ የሚል ቢኖር፣ ሻማ የኦክስጅንን ማነስ ይጠቁም እንደሆነ እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ መኖሩን አይናገርም። ውሃ ለመሳብ ጄኔሬተር አስገብቶ የሚያሠራማ ያንኑ ጋዝ በገዛ እጁ ይሞላል። አንዱ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፤ ሌላው ደግሞ ለሁለቱ ይወርዳል። በአንድ ጉድጓድ የአንድ ቤት ልጆች የሚያልቁት እንዲህ ነው።

ናዳውም አለ። በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ላይ የኦፓል ቁፋሮ ዋሻ ተንዶ ሃያ ያህል ሰዎች ከውስጥ እንደቀሩ ሰምተን ደንግጠናል። የደላንታው እየተሠራበት ያለ ዋሻ ነበር። የተተወው ከዚያ ይብሳል። ደጋፊ እንጨቱ በስብሷል ወይም ለማገዶ ተነቅሏል፤ ክረምቱ አፈሩን አርሶታል፤ አፉን ሐረግና ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። ከአፉ ዳር ያለው መሬት ከታች ተቦርቡሮ ከላይ ደህና መስሎ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ዳሩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየትም ክልክል ይሁን።

አሁን ወደ አፈሩ ምርመራ ልምጣ፤ የኛ ድርሻ ያለው እዚህ ላይ ነውና። አፈር ይመርመር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከረጢት ሞልቶ ወደ ላቦራቶሪ መላክን ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ወርቅ አለበት ወይ ተብሎ የተላከ አፈር ስለ ወርቁ ይናገራል፤ ከወርቁ ጎን ስላለው አርሰኒክ አይናገርም። ከየቁልሉ ሲጫን ያየሁት አፈር ሁሉ የተጠየቀው ስለ ወርቁ ነው። ስለ ሕፃናቱ የጠየቀለት አላየሁም። ስለዚህ ጥያቄው በወረቀት ይጻፍ፦ ሜርኩሪ፣ እርሳስ፣ አርሰኒክና ካድሚየም ምን ያህል አለበት? አፈሩስ ምን ያህል አሲድ ሆኗል?

ሌላው ነገር ቦታው ነው። መርዝ መሬት ላይ እኩል አይበተንም። ሜርኩሪ ከተቃጠለበት ምድጃ ጥቂት እርምጃ ርቆ የተወሰደ አፈር ንጹህ ነው ሊባል ይችላል፤ ምድጃው ሥር ያለው ግን ሌላ ነው። ተምሮ የሚመጣው ወጣት መሣሪያውን ያውቃል፣ ቦታውን አያውቅም። ቦታው ላይ ዛሬ የሚታየው ሣር ነው። ወፍጮው የት እንደነበር፣ ኩሬው የት እንደተደፈነ፣ ጆንያው የት እንደተራገፈ ሣሩ አይነግረውም። የሚነግረው ከሌለ ንጹህ የሆነውን ጥግ መርምሮ፣ ሰፈሩ ደህና ነው ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ያ ወረቀት ካለመመርመር ይከፋል፤ የሚጠነቀቀውንም ሰው ያዘናጋልና።

ስለዚህ መርማሪ ሲመጣ ከቤታችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ሂዱ። ወፍጮው የቆመበትን አሳዩት። ሜርኩሪ የተቃጠለበትን ምድጃና ክፍል አሳዩት፤ ዛሬ ሰው የሚኖርበት ቢሆንም። ማጠቢያ ኩሬውን፣ ውሃው የፈሰሰበትን ቦይና ቦዩ ከወንዝ የሚገናኝበትን አሳዩት። የቁልሉን ሥር፣ ጆንያ ተሸክመን እንሄድበት የነበረውን መንገድ፣ የተራገፈበትን ደጃፍ አሳዩት። በመጨረሻ ደግሞ ከጉድጓዱ ሽቅብ ከፍ ብሎ ማንም ቆፍሮት የማያውቅ ቦታ አሳዩት። የአገሩ አፈር በተፈጥሮው ምን እንደያዘ የሚታወቀው ከዚያ ነው፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ለክርክር ይዳርጋል።

አወሳሰዱም ሥርዓት አለው፤ እናንተም ልታውቁት ይገባል፣ ሲጓደል ታርሙ ዘንድ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ የሚፈለገው የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ነው፤ እጃቸው የሚነካው እሱን ነውና። የሚታረስ ከሆነ ማረሻ እስከሚደርስበት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወሰድ። ከአንድ ማሳ ከተለያየ ነጥብ ጥቂት ጥቂት ወስዶ መቀላቀል ደግ ነው። የምድጃውን አፈር ከማሳው አፈር መቀላቀል ግን አይገባም፤ ብዙው ጥቂቱን ይሸፍነዋል። የዛገ ወይም ቀለም የተቀባ መቆፈሪያ ናሙናውን ያበላሻል። ሜርኩሪ የሚፈለግበት ናሙና ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ እሳት አጠገብ አይደርቅ፤ ሜርኩሪው ይበንናል። በጠርሙስ ጥብቅ ተደርጎ ይከደንና በቅዝቃዜ ይጓዝ። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑና የወሰደው ሰው ስም ይጻፍ። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ይዘው የሚመጡ ባለሙያዎች አሉ፤ አፈሩ ላይ ሲደግኑት እርሳሱን በደቂቃዎች ያነባል፤ ለመነሻ ይጠቅማል። ትንሽ መጠን ያለው ሜርኩሪ ግን ሊያመልጠው ስለሚችል በእሱ ብቻ አትርኩ።

ናሙና የሚወስደው ሰው ራሱን ይጠብቅ። ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት አይቆፈር። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ይደረግ፤ እዚያ ቦታ አይበላ፣ አይጠጣ፣ አይጨስ። የተለበሰው ልብስና ጫማ ወደ ቤት ሳይገባ ይውለቅ፤ ከልጆች ልብስ ጋርም አይታጠብ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ከአካባቢው ይራቁ።

ውጤቱ ሲመጣም ከተፈቀደው መጠን በታች ነው የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትነሡ። የማን መጠን ነው? ለመኖሪያ ነው ወይስ ለፋብሪካ ግቢ? ብላችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በመኖሪያ ግቢ አፈር ውስጥ ላለ እርሳስ ለዓመታት መመዘኛ አድርጎ የኖረው በኪሎ 400 ሚሊ ግራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 200 አወረደው። የዓለም ጤና ድርጅትም በልጅ ደም ውስጥ ጉዳት የሌለው የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል።

የድሮውን ዝቃጭ በሲያናይድ ደግመን እናጥባለን ብለው ለሚመጡ ሰዎች ደግሞ በሩን አትክፈቱ። ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርሞ ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሊወገዱ ይገባል ብሎ ከዘረዘራቸው አደገኛ አሠራሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ሜርኩሪ የገባበትን ዝቃጭ ሜርኩሪው ሳይወጣለት በሲያናይድ ማጠብ። ሲያናይድ በቦታው የተኛውን ሜርኩሪ እያሟሟ ከውሃ ጋር እንዲጓዝ ያደርገዋል። ወንዝ ውስጥ የገባ ሜርኩሪ ደግሞ ተለውጦ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል፤ ከዓሣው ወደ ሰው ይሻገራል። አሸዋውንም ለቤት ምርጊትና ለብሎኬት የሚጭን መኪና ሲመጣ ዝም አትበሉ። ከአንድ ቁልል የወጣ አሸዋ መቶ ቤት ከገባ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

ዝም የምንልበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። መሬቱ መርዝ አለበት ከተባለ ዋጋው ይወድቃል የሚል አለ። ይወድቅ ይሆናል። ነገር ግን አውቆ መርዝ ያለበትን ቦታ ለልጅ አባት መሸጥ በሰውም በፈጣሪም ፊት ያስጠይቃል። የልጆቻችን እንጀራ ይዘጋል የሚልም አለ። እኔ ወርቅ አይቆፈር አላልሁም። የሚቆፍር በፈቃድ፣ ያለ ሜርኩሪ ወይም ጭሱን መልሶ በሚይዝ ዝግ ዕቃ ይሥራ፤ ከመኖሪያ ይራቅ፤ የጨረሰውን ጉድጓድ ይድፈን። መንግሥት ይቀጣናል ብሎ የሚፈራም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። አቤት የምንለው እነዚህን ይዘን ነው። መጀመሪያ ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳው የአካባቢ ጥበቃና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ሂዱ። በአቅራቢያችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ የአፈርና የኬሚስትሪ መምህራን አሉት። አዲስ አበባም የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፣ ቀድሞ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የምንለው፣ ላቦራቶሪ አለው።

ከጎረቤት እጣላለሁ የሚለው ፍርሃት ነው ከሁሉ የሚበረታው። የእገሌ ቤት ሜርኩሪ የተቃጠለበት ነው ብዬ ምን ፊት ይዤ እናገራለሁ እንላለን። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው ክስ ሆኖ አይቅረብ። ሽማግሌዎች አንድ ላይ ተቀምጠን፣ የራሳችንን ግቢ አስቀድመን፣ የማንንም በደል ሳንቆጥር ቦታውን ብቻ እንናገር። የሚፈለገው ቦታው ነው።

እኛ ሽማግሌዎች የምንከበርበት አንዱ ነገር ምስክርነታችን ነው። ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ወሰኑ ከዚያች ዋርካ እስከዚያ ድንጋይ ነው ስንል ዳኛ ይቀበለናል፤ ጠበኛው እርፍ ይላል። ስለ አንድ ክንድ መሬት እንዲህ ቆመን የምንመሰክር ሰዎች፣ ልጅ ስለሚገድል አፈር አፋችንን ልንዘጋ አይገባንም። የመርዙንም ድንበር እንመስክር።

እንግዲህ ክረምቱ ሳይገባ እንዲህ አድርጉ። ከዝናቡ በፊት መሬቱ ተገልጦ በሚታይበት ጊዜ፣ ከቀበሌው ሹም፣ ከትምህርት ቤት መምህርና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቦታውን ዙሩ። የምታስታውሱትን ጉድጓድ፣ ምድጃ፣ ኩሬና ቁልል ሁሉ አሳዩ፤ መምህሩ በወረቀት ይንደፈው፤ በስልክ ቦታውን ይመዝግበው። በየጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ራቅ አድርጋችሁ በእሾህና በድንጋይ አሳጥሩ። የጻፋችሁትን አባዝታችሁ አንዱን ለቀበሌ፣ አንዱን ለወረዳ፣ አንዱን ለዕድራችሁ ስጡ፤ አንድ ቦታ ቢጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስጊድ ግቢ፣ በገበያ ይነበብ። ምርመራው እስኪደረግና ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ በተጠቆመው ቦታ ማንም ቤት እንዳይሠራ፣ እንዳይዘራ፣ ከብት እንዳያሰማራ፣ አፈር እንዳይጭን ተስማሙ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኸው ውሻ እንዳንቆጠር። ከመካከላችን ነገሩን በሚገባ የሚያውቁት እያለቁ ነው። የትኛው ኩሬ በየትኛው ዓመት እንደተደፈነ የሚያውቅ ሰው በየክረምቱ እንቀብራለን። እኩዮቼ፣ አደራ፤ የምታውቁትን ቦታ ሳታሳዩ አትሙቱ። ንገሩ፣ አሳዩ፣ አስጽፉ፣ አስመርምሩ።